ስለ አውቶሞቢላችን ድምፅ መበላሸትና ስለ አባታችን ቃል

በቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ሰው የብልሽቱን ምክንያት ከመመርመሩ አስቀድሞ በደለኛውን ይፈልጋል። ምክንያትን መመርመር ትዕግሥትና ጊዜ የሚጠይቅ ሲሆን፥ በደለኛን ለመፈለግ ግን ቍጣ ብቻ ይበቃል። እኛም ባለፈው ዓመት በአውቶሞቢላችን ውስጥ ስላስገባነው አዲስ የድምፅ መሣሪያ ይህን ስሕተት ፈጽመን ነበርና፥ ሌላው ቤተ ሰብ ከእኛ ድካም ጥቂት ጥቅም እንዲያገኝ የሆነውን ሁሉ በየተራው ለመጻፍ ወደድን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። አባታችን በ1980 ዓ.ም. በአንድ ካሴት ላይ የዘራችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ቈጥረው፥ ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚሆን ምክርም ጨምረው፥ ድምፃቸውን ትተውልን ነበር። እኛም በልጅነታችን ጊዜ ደጋግመን ሰምተነው ነበር፤ ነገር ግን ካሴቱ አለ ብለን ስለ ታመንን በጽሕፈት ያኖረው ሰው አልነበረም። ኋላ ማጫወቻው ቴፕ ተበላሸ፤ አባታችንም ዐረፉ፤ ካሴቱም ብዙ ዘመን ሳይሰማ ተቀመጠ።

በየዓመቱ ለሙት ዓመታቸው እናታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጃችን፥ «አባባ፥ የአያቴን ድምፅ ወደ ፍላሽ ልገልብጠውና እማማ በመንገድ ላይ ይስሙት» ብሎ ባሳሰበን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። ነገር ግን የእናታችን ጆሮ ስለ ደከመ፥ ከፋብሪካው ጋራ በመጣው ራዲዮ የሚነገረውን በጕዞ ላይ አጥርተው ሊሰሙ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ልጃችን ከጓደኛው ቴፕ ተውሶ ካሴቱን ገለበጠ፤ እኛም አውቶሞቢሉን በከተማው ውስጥ ይህን ሥራ ወደሚሠራ ሰው ወሰድነው። በፊትና በኋላ በሮች ላይ አራት አዲስ ስፒከሮች፥ ከወንበር በታችም ለእያንዳንዱ ስፒከር 75 ዋት የሚሰጥ አንድ አምፕሊፋየር ተገባ። ራዲዮው ራሱ ግን ከኋላ መመልከቻው ካሜራና ከሌላውም ዕቃ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ የቀድሞው እንደ ነበረ ተተወ።

በሙት ዓመቱ ዋዜማ ማለዳ ተነሥተን ሰንዳፋን እንዳለፍን የአባታችንን ድምፅ ከፈትነው። የሰማነው ግን ያሰብነውን አልነበረም። በመጀመሪያ የትንኝ ጩኸት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ከንግግሩ በታች ይሰማ ነበር፤ ነዳጅ በሰጠነው መጠንም ይቀጥናል፥ ይጮኻል። ድምፁን ከፍ ስናደርገው ቃሉ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይሻክራል። የአባታችን ወፍራም ድምፅም ሥጋው ተነሥቶ አጥንቱ የቀረ ይመስል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ደግሞ ይህ ነው፤ የዘሩን ቍጥር ጀምረው አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያሉ ሄደው ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ስሙን ከፍ ባለ ድምፅ ስለ ጠሩት፥ ስሙ በጩኸቱ ውስጥ ጠፋ። መልሰን ብንሰማውም ያው ጠፋ።

እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ልጄ፥ ይህ የአባትህ ድምፅ አይደለም፤ አባትህ እንዲህ አይጮኹም ነበር» አሉን። ስሙን ብንጠይቃቸው የባላቸውን ሐረግ እስከ አምስተኛው ድረስ ብቻ ያስታውሳሉ። ከአባታችን ወንድሞች አንድ ስንኳ በሕይወት የለም። እንግዲህ የዚያ ሰው ስም በዓለም ላይ የቀረው በዚያ ድምፅ ውስጥ ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳነው።

ከመንገድ በተመለስን በማግሥቱ ወደ ብልኀተኛው ሄደን በሠራተኞቹ ፊት፥ «ገንዘባችንን ወስደህ ዕቃችንን አበላሸኸው!» ብለን ተቈጣነው። እርሱ ግን ድምፁን ሳያነሣ፥ «ጌታዬ፥ እንደሚነግሩኝ ከሆነ ዕቃው ከአንድ በላይ ሕመም አለበት፤ ዛሬ ይቈዩልኝና አንድ በአንድ እንመርምረው» አለን። እኛ ግን በቍጣችን ጥለነው ወደ ሌላ ሱቅ ሄድን። በዚያ ያገኘነው ሻጭ ዕቃውን ሳይመለከት፥ «ጕልበት አንሶት ነው፤ ባለ 150 ዋት ይግዙ» ሲል መከረን። ገንዘቡን ልናወጣ ስንል ባለቤታችን ከአጠገባችን ሆነው፥ «ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት ይገዛልን?» አሉ። በኋላ እንደ ተረዳነውም ዋቱን እጥፍ ማድረግ ድምፁን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ የሚለየው ጥቂት ጭማሪ ነው እንጂ የእጥፍ ጩኸት አይደለም። ብልሽቱንማ ጭራሹን አይነካውም። ስለዚህ አፍረን ወደ ፊተኛው ብልኀተኛ ተመለስን።

እርሱም ወቀሳችንን ሳያነሣ በመጀመሪያ አራት ጥያቄ ጠየቀን። እነዚህን ጥያቄዎች አንባቢዎቻችን በቃል ቢይዟቸው ይጠቅማሉ። ጩኸቱ ከሞተሩ ጋራ ይነሣልን? ከሞተሩ ጋራ ከተነሣ ነገሩ የኤሌክትሪክ መሥመር ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ ይሻክራልን? እንዲህ ከሆነ ከዐቅሙ በላይ የታዘዘ መሣሪያ አለ። ከአንድ ወገን ብቻ ይሰማልን? እንዲህ ከሆነ በዚያ ወገን ያለው ስፒከር፥ ሽቦው ወይም በሩ ይመርመር። ድምፁ ዝቅ ቢልም ከፍ ቢልም ሁልጊዜ በአንዱ ቃል ላይ ብቻ ይሻክራልን? እንዲህ ከሆነ ግን ነገሩ የአውቶሞቢሉ ላይሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ፥ «በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አንለውጥም፤ ሁለት ከለወጥን የትኛው እንዳዳነው አናውቅም» ብሎ ሥራውን ጀመረ።

የትንኙን ጩኸት አስቀደመ። የአውቶሞቢል ባትሪ አንዱ ጫፍ ከአካሉ ብረት ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፥ የአካሉ ብረት እንደ መመለሻ ሽቦ ያገለግላል። የአምፕሊፋየሩ መመለሻ ሽቦ ግን ቀለም በተቀባ የወንበር ቡሎን ላይ ታስሮ ተገኘ። ቀለም ኤሌክትሪክን ስለሚከለክል ግንኙነቱ ደካማ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የዲናሞው ንዝረት ከድምፁ ጋራ ተቀላቅሎ ይገባ ነበር። ብልኀተኛው፥ «ይህ የእኛ ጥፋት ነው» ብሎ ሳይደብቅ ነገረን። ከዚያም ከአምፕሊፋየሩ ግማሽ ሜትር በማይርቅ ቦታ የአካሉን ብረት እስኪያበራ ፍቆ በአጭርና በወፍራም ሽቦ አሰረው። ከባትሪው የሚመጣውን ሽቦ በግራ ወገን፥ ድምፁን የሚያመጣውን ሽቦ በቀኝ ወገን ለየው። ከባትሪው በሚወጣው ሽቦ ላይ ያለው ፊውዝም ለባትሪው ቅርብ መሆኑን አየልን፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነውና። ሞተሩ ሲነሣ ትንኙ አልተሰማም።

ይህ የሞተርና የራዲዮ ጠብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር የጋልቪን ኩባንያ ሞቶሮላ የተባለውን የአውቶሞቢል ራዲዮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ሲያወጣ፥ የዚያን ጊዜ ብልኀተኞች ከሁሉ ይልቅ ያስቸገራቸው ከሞተሩ ካንዴላ የሚወጣው የእሳት ብልጭታ በራዲዮው ውስጥ የሚያሰማው ጩኸት ነበር። በጀርመን አገርም ብላውፑንክት በ1932 የመጀመሪያውን ራዲዮውን ለአውቶሞቢል ሲያቀርብ ይኸው ችግር አልቀረለትም። ዘመኑ ቢራቀቅም ሞተሩ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን አልተወምና ጥንቃቄው ዛሬም አልቀረም።

ቀጥሎ የድምፁን መሳሳት መረመረ። እያንዳንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚባሉ ሁለት ጫፎች አሉት። አንዱ በር ላይ በትክክል፥ ሌላው በር ላይ ተገልብጦ ቢታሰር፥ አንደኛው አየሩን ሲገፋ ሁለተኛው ይስባል፤ ወፍራሙም ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ብልኀተኛው የስፒከሩን ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ያህል አስነካቸው። በቀኙ በር የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ወጣ፤ በግራው በር ግን ወደ ውስጥ ገባ። ሁለቱን ሽቦዎች ባለዋወጣቸው ጊዜ የአባታችን ድምፅ ሥጋ ለበሰ።

ሦስተኛው የመሻከሩ ነገር ነበር፤ ይህንም በሚገባ እንድናስተውለው ጥቂት አብራራልን። ድምፅ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ እንደ ኮረብታና እንደ ሸለቆ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ነው። አንድ መሣሪያ ካለው ቮልት በላይ ከፍ ያለ ኮረብታ እንዲሠራ ቢታዘዝ ከዐቅሙ ማለፍ አይችልምና ጫፉን ይቈርጠዋል፤ ኮረብታውም አምባ ይሆናል። ጆሮ መሻከር ብሎ የሚሰማው ይህን መቈረጥ ነው። ብዙ ሰው በራዲዮው ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሕፈት አይቶ ይታለላል። ሞተሩ ሲሠራ የሚገኘው 14.4 ቮልት ያህል ነው፤ ይህ በራሱ ተባዝቶ ለ4 ኦም ሲካፈል 52 ዋት ያህል ይሆናል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ማዕበሉ ሁሉ አምባ ቢሆን ነው። ጫፉ ያልተቈረጠ ንጹሕ ድምፅ ቢበዛ የዚህ እኩሌታ 26 ዋት፥ በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስለት ደግሞ 20 ዋት ያህል ብቻ ነው።

የእኛ አዲሱ አምፕሊፋየር ድምፁን የሚቀበለው ከዚሁ ከቀድሞው ራዲዮ የስፒከር ሽቦ ነበር። ራዲዮው የቈረጠውን ኮረብታ አምፕሊፋየሩ አጕልቶ ያሰማል እንጂ ጫፉን አይመልስለትም። ብልኀተኛው ማዕበሉን በመስተዋት ላይ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ቢመለከት፥ የእኛ ራዲዮ ከ40ው ደረጃ እስከ 30ኛው ድረስ ንጹሕ ሆኖ ከዚያ ወዲያ ይቈርጣል። ከዚህም ሌላ በአምፕሊፋየሩ ላይ ጌይን የሚባለው ቍልፍ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከራዲዮው የሚመጣውን ኀይል ከአምፕሊፋየሩ ዐቅም ጋራ ማስማሚያ ነው። ሲሰጠን በመጠኑ እንደ ነበረ፥ እናታችን እንዲሰሙ ብለን እስከ መጨረሻው ያዞርነው እኛው ራሳችን መሆናችንን አስታወስን፤ ለብልኀተኛውም ነገርነው።

እርሱም ስፒከሮቹን ነቅሎ፥ ራዲዮውን በ30ኛው ደረጃ አቁሞ፥ በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚነዝር የመፈተኛ ድምፅ አጫወተ። 75 በ4 ሲባዛ 300 ነው፤ የ300 ካሬ ሥር 17.3 ነው። ስለዚህ በመለኪያው ላይ 17.3 ቮልት እስኪያነብ ድረስ ጌይኑን ከታች ጀምሮ ቀስ ብሎ ከፈተውና ተወው። በራዲዮው ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምሩትንም ወደ መካከለኛው መለሰ። ከዚህ በኋላ ሙዚቃ ከፍ አድርገን ብናጫውትም ድምፁ ጸንቶ ቆመ።

የቀረ አንድ ንዝረት ነበር፤ እሱም የስፒከር ሳይሆን የበሩ ክዳን ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ሲከፈት ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች ተሰብረው ነበርና በወፍራሙ ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ለመለየት ድምፁ ሲሰማ ክዳኑን በመዳፍ ጫን ማለት ይበቃል፤ ንዝረቱ ዝም ካለ ስፒከሩን መለወጥ አያስፈልግም።

እንግዲህ ሥራው አለቀ ብለን የአባታችንን ቃል ከፈትን። ድምፃቸው ጠርቶ፥ ወፍሮ፥ ያለ ትንኝ ጩኸት ተሰማ። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያሉ ቈጠሩ፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ስሙ እንደ ፊተኛው ተሻክሮ ጠፋ። ብልኀተኛው ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ ደገመው፤ አሁንም ጠፋ። ከዚያ ፍላሹን ነቅሎ በሌላ መሣሪያ በጆሮ ማዳመጫ ሰማውና፥ «አራተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብልሽቱ ከአውቶሞቢሉ አስቀድሞ የገባ ነው» አለ።

ልጃችን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጥቂት ቈይቶም፥ «አባባ፥ ካሴቱ ሲሰማ ደከም ስላለብኝ መቅጃውን እጅግ ከፍ አድርጌው ነበር። ቀዩ መብራት ሲበራ አይቻለሁ፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም። በስልኬም ስሰማው የስልኩ ስፒከር ትንሽ ስለ ሆነ ነው ብዬ ተውሁት» አለን። የቍጣ ቃል ወደ አፋችን መጥቶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሱቅ፥ በዚያው ሰው ፊት፥ ከጥቂት ቀን በፊት የተናገርነውን አስበን ዝም አልን።

ብልኀተኛው እንዳስረዳን፥ ድምፅ ወደ ቍጥር ሲለወጥ በተለመደው በባለ 16 ቢት አቀዳድ የማዕበሉ ከፍታ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይጻፋል። ከመጨረሻው ደረጃ በላይ የሚጻፍበት ቍጥር የለምና፥ ከዚያ ያለፈው ሁሉ በመጨረሻው ላይ ተቈርጦ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከተቈረጠ በኋላ ውድ አምፕሊፋየርም ሆነ ውድ ስፒከር የጠፋውን ጫፍ አያመጣውም። መድኃኒቱ ወደ ካሴቱ ተመልሶ እንደገና መገልበጥ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ልባችን ደነገጠ። ድምፁ ወደ ፍላሽ ተገልብጧልና ከእንግዲህ አያስፈልግም ብለን፥ ያን ካሴት ከአሮጌ ዕቃ ጋራ ለቆራሌው እንዲሰጥ አዝዘን ነበርና። ወደ ቤት ሮጠን ብንጠይቅ ዕቃው ሁሉ ሄዷል። እናታችን ግን ነገሩን ሲሰሙ ወደ ሣጥናቸው ሄደው ካሴቱን በነጠላ ጫፍ እንደ ተጠቀለለ አወጡትና፥ «ያዘዝኸውን ሰምቼ ነበር፤ የባሌን ድምፅ ግን ለቆራሌው አልሰጥም ብዬ አነሣሁት» አሉን። ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረንም።

በማግሥቱ ብልኀተኛው አንድ ደኅና ቴፕ አቀረበ። አስቀድሞ ክሩ የሚነካውን ራስ በአልኮል በነከረው ጥጥ ጠረገ፤ ብዙ ዘመን የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መለሰው። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ስንኳ አይሞላም፤ በሰከንድም ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ በራሱ ላይ ያለ ጥቂት እድፍ ብዙ ድምፅ ይሸፍናል። ከዚያም ልጃችንን አጠገቡ አስቀምጦ፥ እጅግ ከፍተኛው ቃል ከመጨረሻው ደረጃ በ6 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል፥ ይኸውም ከሙሉው ከፍታ እኩሌታው ላይ እንዲቆም፥ መቅጃውን እንዴት እንደሚመጥን አሳየው። «የደከመ ድምፅ ኋላ ሊነሣ ይችላል፤ የተቈረጠ ግን አይቀጠልም» አለው። ቀዩም መብራት አንድ ጊዜ ስንኳ ሳይበራ ተፈጸመ። እኛም በሠራተኞቹ ፊት እንደ ተቈጣነው፥ በሠራተኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።

አሮጌ ካሴት ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሁሉ ከአውቶሞቢሉ አስቀድማችሁ ካሴቱን እንድታስቡ እንለምናለን። ወደ አዲስ መሣሪያ ስታስገለብጡ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀዱ፤ ፈጽሞ ከመጨረሳችሁ በፊትም በደኅና ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ሁለት ቦታ አኑሩት፤ ዋናውንም አትጣሉት። የድምፅ መሣሪያ ስትለውጡም ቀድሞ የምታውቁትን አንድ ንጹሕ ዜማ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁን ሳትለቁ፥ ሞተሩ ጠፍቶም ተነሥቶም፥ ስሙት።

በሚከተለው ወር እንደገና ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ጫጫ ላይ ከመንገድ ወጣ ብለን ቆምን፤ ሞተሩንም አጠፋን። ልጃችን ደብተርና እርሳስ ይዞ ነበር። አባታችን ቈጠሩ፤ ሰባተኛውንም ስም ከፍ አድርገው ጠሩት፤ እሱም እንደ ደወል ጠርቶ ተሰማ። ስሙ የቤታችን ስለ ሆነ እዚህ አንጽፈውም። ልጃችን ጻፈው፤ እናታችንም ሦስት ጊዜ በቀስታ ደገሙት።

ከዚያም ይበልጥ እንዲሰሙ ብለን ድምፁን ልንጨምር እጃችንን ስንዘረጋ ያዙንና፥ «ተው ልጄ፥ ቀንሰው፤ አሁን እሰማቸዋለሁ» አሉን።